ተረትና እውነታ፦ ረጅም ቁልፍ አይደፈርም ስለ መባሉ

ስለ ይፋዊ ቁልፍ ምስጠራ በተወራ ቁጥር ከተማረውም ካልተማረውም አፍ የማይጠፋው ተረት፣ ቁልፉ እስከ ረዘመ ድረስ ምስጢሩ ከቶ አይደፈርም የሚለው ነው። ተረቱ ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም፤ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1977 በደረሱበት ሥርዓት፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ ፕራይም የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቁጥሮች ይባዙና ብዜታቸው በይፋዊው ቁልፍ ውስጥ ለዓለም ሁሉ ግሁድ ሲሆን፣ እነርሱ ራሳቸው በባለቤቱ ዘንድ ኅቡኣን ሆነው ይቀራሉ፤ ማባዛቱ ለኮምፒዩተር የቅጽበት ሥራ ሲሆን፣ ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን ወላጆች ማግኘት ግን፣ ዛሬ በብዛት እንደሚሠራበት ያለ 617 አሃዝ ለሚደርስ ቁጥር፣ ማንም እንደተሳካለት በይፋ ያልተሰማ ድካም ነው።

ይሁን እንጂ በርዝመቱ የሚመኩ ሰዎች ሁለቱ ቁጥሮች ከየት መጡ ብለው አይጠይቁም። ቁጥሮቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው፤ ዕጣው ከተበላሸ ርዝመቱ አያድንም። ዴቢያን በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ተንከባካቢ፣ የስሕተት መርማሪ ፕሮግራም ስላጉረመረመበት፣ ኦፕንኤስኤስኤል ከሚባለው የምስጠራ ፕሮግራም ጥቂት መስመር ቢያወጣ፣ ዕጣውን የሚያማስለው ነገር አብሮ ወጣና ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ብቻ ቀረ፤ ይህም ከ32,768 የማያልፍ ስለ ነበር፣ ለአንድ ዓይነት ማሽንና ለአንድ የቁልፍ ርዝመት ሊወለዱ የሚችሉት ቁልፎች ከዚህ አይበልጡም፤ ጉዱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 እስኪገለጥ ድረስም የፈለገ ሰው ሁሉንም አስቀድሞ ቆጥሮ በመዝገብ ሊይዛቸው ይችል ነበር። ቁልፎቹ ለዓይን ረጃጅም ነበሩ።

እኔን ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታየው ነው። ሁለት የተመራማሪዎች ቡድን፣ በየፊናቸው፣ በኢንተርኔት የተዘረጉትን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ይፋዊ ቁልፎች ሰብስበው ቢያነጻጽሩ፣ ባለቤቶቻቸው ጨርሶ የማይተዋወቁ ቁልፎች አንዱን ፕራይም ተጋርተው ተገኙ። የዚህን ጉዳት በትንንሽ ቁጥር እንየው፤ አንዱ ቁልፍ 323፣ ሌላው 391 ይሁን። 391 በ323 ሲገደፍ 68 ይተርፋል፤ 323 በ68 ሲገደፍ 51፤ 68 በ51 ሲገደፍ 17፤ 51 ደግሞ በ17 ያለ ትራፊ ያልቃል፤ እንግዲህ የጋራው ወላጅ 17 ሲሆን፣ ተሰውረው የነበሩት 19ና 23 ወዲያው ብቅ ይላሉ። ዓመተ ዓለሙን በ19 እየገደፈ ትራፊውን መያዝ የለመደ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ለዚህ ወረቀት እንኳ አያሻውም፤ ኮምፒዩተርም ለ617 አሃዙ ቁጥር ሳይቀር በቅጽበት ይሠራዋል። ጥፋቱም በአብዛኛው የነራውተር ነበር፤ ከካርቶናቸው ወጥተው ኤሌክትሪክ እንዳገኙ፣ ዕጣውን የሚያማስሉበት ነገር ሳያጠራቅሙ፣ ቁልፋቸውን ይወልዱት ነበር።

ቁልፉ በደኅና ቢወለድስ የማን ነው? ይህን በማኅተሙ የሚመሰክር ድርጅት አለ፤ በአንዳንድ የድረ ገጽ አሳሾች ላይ የምትታየው የጓጉንቸር ምልክትም የምታርፈው በዚሁ ምስክርነት ላይ ነው። ከእንዲህ ያሉ ድርጅቶች አንዱ የሆነው፣ ዲጂኖታር የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ፣ ማኅተሙ ከ500 በሚበልጡ የሐሰት የምስክር ወረቀቶች ላይ ዐረፈ፤ በጉግል ስም የወጣውም ኢራን ውስጥ ያሉ ተጠቃሚዎችን ደብዳቤ ለመሰለል ዋለ። በዚያው ዓመት በመስከረም ኩባንያው ሲከስር፣ ፕራይሞቹን ፈልጎ ለማግኘት የደከመ ሰው አልነበረም።