ስለ ጀልባ ፈቃድ፥ ስለ መገናኛ ሬዲዮና በውሃ ላይ ስለሚደረግ ጥንቃቄ



የሽንፋ ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ ምድር ተነሥቶ የመተማን ቈላ ካቋረጠ በኋላ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በዚያም ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ውሃው ተቈራርጦ በየስፍራው ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ያው ወንዝ ሞልቶ ይደፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ የሳይንስ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፥ ድርቁ ሲበረታ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ ክፉውን ዘመን አልፈውታል። የውሃን ጠባይ ማወቅ ሕይወትን እንደሚያተርፍ ከዚህ የቀደመ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

የዛሬው ነገራችንም ይኸው የውሃ ዕውቀት ነው። በጣና፥ በሐዋሳ፥ በቢሾፍቱም ሐይቆች ላይ ሰዎች ለመዝናናት በሞተር ጀልባ ይጓዛሉ። ከሽንፋና ከመተማ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ቤተ ሰብም፥ የጣናን ገዳማት ለመሳለም ሲል ሕይወቱን ለአንድ ጀልባ ነጂ አደራ ይሰጣል። መኪና የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ ማንም አይከራከርም። ጀልባ ግን ፍሬን የለውም፤ ሲበላሽም ከመንገድ ዳር ቆሞ ርዳታ አይጠብቅም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከመኪናው ቢበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም።

ፈቃድ ሲባል ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው የጀልባው ነው፤ ይኸውም ጀልባው ተመርምሮ፥ የሚችለው የሰውና የዕቃ ልክ ታውቆ፥ በመዝገብ መግባቱ ነው። ሁለተኛው የነጂው ነው፤ ሰውየው ተምሮና ተፈትኖ ብቃቱ መረጋገጡ ነው። ሦስተኛው የሬዲዮው ነው፤ የአየር ሞገድ የሁሉ ሀብት ስለ ሆነ ማንም እንደ ወደደ አይናገርበትም። በአገራችን የባሕርና የአገር ውስጥ ውሃ መጓጓዣን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይባላል። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው ደግሞ፥ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ትምህርቱስ ምን ይጠቅማል? የአሜሪካ የባሕር ዳር ጠባቂ ኃይል በአውሮፓውያን አቈጣጠር የ2023ን የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎች መዝግቦ ባወጣው መግለጫ፥ የነጂው ሁኔታ ከታወቀባቸው ሟቾች ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሞቱት ትምህርት ባልወሰደ ሰው በሚነዳ ጀልባ ላይ ነበር። ሰምጠው ከሞቱትም አብዛኞቹ፥ ማለት ከመቶው 87 ያህሉ፥ የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጃኬት ከመቀመጫ ሥር ታጥፎ ቢቀመጥ ማንንም አያድንም፤ የሚለበሰው ከመሳፈር በፊት ነው፤ ለሕፃንም በልኩ የተሠራ ያስፈልገዋል።

ጣናን የሚያህል ሰፊ ነገር ግን ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ድንገተኛ ይሆናል። የተማረ ነጂ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሰማዩንና ነዳጁን ይመለከታል፤ ከልክ በላይ አይጭንም፤ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት በወደቡ ለሚቀር ሰው ይነግራል። ደግሞም ከደንገል የተሠራ ታንኳ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ታንኳ ከውሃው ብዙ ከፍ ስለማይል፥ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ባለታንኳውን ሊገለብጠው ይችላልና።

ወደ ሬዲዮው እንመለስ። የእጅ ስልክ የሚደርሰው ለተደወለለት ለአንድ ሰው ነው፤ መገናኛ ሬዲዮ ግን በአቅራቢያው ያሉ ጀልባዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰሙታል። በዓለም ሁሉ ለጭንቅ ጥሪ የተመደበው የባሕር ሬዲዮ መስመር ቁጥር 16 ነው፤ ሞገዱም 156.8 ሜጋ ኸርዝ ነው። ሕይወት በሚያሰጋ አደጋ ጊዜ «ሜይዴይ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይባላል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «እርዱኝ» ማለት ነው። ቀጥሎ የጀልባው ስም፥ ያለበት ስፍራ፥ የደረሰው አደጋ፥ የሚፈለገው ርዳታና የተሳፋሪው ቍጥር በዝግታ ይነገራል፤ ከዚያም ቍልፉ ተለቅቆ መልስ ይጠበቃል። ቍልፉን ተጭኖ የሚቈይ ሰው የራሱን ጥሪ እንጂ የሚመጣለትን መልስ አይሰማም። ያለ ምክንያት ሜይዴይ ማለትም የእውነተኛውን ተጨናቂ ጆሮ መዝጋት ነው።

ይህ ሬዲዮ የሚደርሰው አንቴናዎቹ እስከሚተያዩበት ርቀት ያህል ነው። የሁለቱም አንቴና ከፍታ ሁለት ሁለት ሜትር ቢሆን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በዳር ያለው ጣቢያ አንቴናውን 25 ሜትር ከፍ ቢያደርግ ግን 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ጣና ርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ባለጀልባው በየስፍራው ማን እንደሚያዳምጠው ከመነሣቱ በፊት ማወቅ አለበት፤ የሚያዳምጥ ከሌለ ሬዲዮው ባዶ ሳጥን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልጆችህን ይዘህ ወደ ጀልባ ስትቀርብ ባለቤቱን ሦስት ጥያቄ ጠይቀው፦ ፈቃድህ የት አለ? ጃኬቱ ለሁላችን ይበቃል? አደጋ ቢደርስ ማንን ትጠራለህ? መልሱ ካላረካህ በየብስ መቅረቱ ነውር አይደለም። ባለጀልባ ከሆንክ ደግሞ ጥያቄው ሳይመጣብህ መልሱን አዘጋጅ፤ የተሳፈረልህ ሰው ሕይወቱን በእጅህ አኑሮ ነውና የሚሄደው።