በየሳምንቱ የሚፈተን ሙያ፦ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋች የሥራ ሕይወት

ፕሮፌሽናል የጎልፍ ተጫዋች የሚባለው መተዳደሪያውን ከጎልፍ የሚያገኝ፣ ይኸውም የገንዘብ ሽልማት ባላቸው ውድድሮች በመሳተፍ ወይም በአንድ ክለብ ተቀጥሮ ጨዋታውን በማስተማር የሚኖር ሰው ነው። የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቶንጎ፣ በአሶሳም ሆነ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ጎልፍ የሚታወቀው በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው የባለጠጎች መዝናኛ አድርጎ ይመለከተዋል እንጂ የእንጀራ ገመድ ሊሆን እንደሚችል አያስብም። የሙያው ታሪክ ግን ከዚህ ግምት ጋር አይስማማም፤ ምክንያቱም ከጥንት ጀምሮ የጎልፍን ሙያ የገነቡት ባለጠጎቹ ሳይሆኑ የእነርሱን ዕቃ የሚሸከሙ፣ ሜዳቸውን የሚንከባከቡና ኳሳቸውን የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።

ጨዋታው ሲታይ ቀላል ነው። ተጫዋቹ 46 ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ያስገባል። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓዶች ሲኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ሊጠቀምበት የሚገባው የምት ብዛት አስቀድሞ ይወሰንለታል፤ ይህ ልክ ፓር ይባላል፣ የአብዛኞቹ ታላላቅ ሜዳዎች ጠቅላላ ፓርም ከ70 እስከ 72 ነው። አንድ ተጫዋች ይዞ ሊገባ የሚፈቀድለት እስከ 14 ዱላ ሲሆን፣ ረዥሙ ኳሷን ከ250 ሜትር በላይ የሚያስፈነጥር፣ አጭሩ ደግሞ ግሪን በሚባለው፣ ሣሩ እጅግ አጥሮ በታጨደው የጉድጓዱ ዙሪያ ኳሷን በቀስታ የሚያንከባልል ነው። በሀገራችን የገና ጨዋታ ሁለት ወገኖች አንዲቱን ሩር ይሻማሉ፤ በጎልፍ ግን ማንም የሌላውን ኳስ አይነካም፣ እያንዳንዱ የሚታገለው ከሜዳው፣ ከነፋሱና ከራሱ እጅ ጋር ነው። ይህ ጠባዩ የሙያውንም ኑሮ ብቸኛ አድርጎታል።

ሙያው የተጀመረው በስኮትላንድ ነው። በ1821 እ.ኤ.አ. የተወለደው ቶም ሞሪስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣትነቱ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ላባ እየተጠቀጠቀ የሚሠራውን የዘመኑን ኳስ መሥራት የተማረ፣ በኋላም በፕሬስትዊክና በሴንት አንድሩስ የሜዳ ጠባቂ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። በ1860 በፕሬስትዊክ ስምንት ባለሙያዎች ብቻ የተወዳደሩበት የመጀመሪያው ኦፕን ሻምፒዮና ሲካሄድ አሸናፊው ዊሊ ፓርክ ያገኘው ሽልማት የቆዳ ቀበቶ እንጂ ገንዘብ አልነበረም፤ ሞሪስም ይህን ሻምፒዮና አራት ጊዜ፣ ልጁም እንዲሁ አራት ጊዜ አሸንፈዋል። እነዚህ ሰዎች በጨዋታው ከጌቶቻቸው ቢበልጡም በማኅበራዊ ደረጃ አገልጋይ ተደርገው ስለሚቆጠሩ ወደ ክለቡ ቤት እንዲገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1920 አሜሪካዊው ዋልተር ሄገን በእንግሊዝ ዲል በተካሄደው ኦፕን ልብስ መቀየሪያ በተከለከለ ጊዜ የተከራየውን ቅንጡ መኪና በክለቡ ደጃፍ አቁሞ ልብሱን እዚያው ውስጥ ይቀይር እንደነበር ይታወቃል፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የኢንቨርነስ ክለብ በሩን ለባለሙያዎች መክፈቱ ለሙያው ክብር ትልቅ እርምጃ ነበር።

ዛሬ ሙያው ሁለት ቅርንጫፍ አለው። አንደኛው በየሳምንቱ እየተዘዋወረ የሚወዳደረው ተጫዋች ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው እርሱን ነው። ሁለተኛው በአንድ ክለብ ተቀምጦ የሚያስተምር፣ ዱላ የሚጠግንና ውድድር የሚያዘጋጅ የክለብ ባለሙያ ነው። በ1916 የተመሠረተው የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ አባላት ሲኖሩት፣ በሀገሪቱ ከፍተኛው የውድድር ዙር የሚሳተፉት ግን ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንድ ወጣት ጎልፍን ሙያው አደረገ ሲባል በብዛት የሚገጥመው ዋንጫ ማንሣት ሳይሆን መምህርነት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

የተወዳዳሪው ኑሮ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጎዳና ላይ ሯጭ ነው። የሁለቱም ዋና ገቢ ደመወዝ አይደለም፤ ሁለቱም በውጤታቸው ልክ ይከፈላቸዋል፤ ሁለቱም ወኪል ይዘው ከሀገር ሀገር ይዞራሉ። ልዩነቱ ማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲወዳደር፣ ጎልፍ ተጫዋች ከ20 እስከ 30 ሳምንታት መወዳደሩ ነው። የተለመደው ውድድር ከሐሙስ እስከ እሑድ ለአራት ቀናት የሚቆይ ሲሆን፣ በየቀኑ 18፣ በድምሩ 72 ጉድጓዶች ይጫወታሉ። በዓርብ ማታ፣ ማለትም ከ36 ጉድጓዶች በኋላ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ይቆረጣሉ፤ ፒጂኤ ቱር በሚባለው የአሜሪካ ከፍተኛ ዙር ወደ ቅዳሜና እሑድ የሚያልፉት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 65 ተጫዋቾችና ከ65ኛው ጋር እኩል የሆኑት ናቸው። የተቆረጠው ተጫዋች ከሽልማቱ ምንም አያገኝም፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የሆቴሉንና የረዳቱን ወጪ ግን ከኪሱ ከፍሏል። በአንዲት ምት ልዩነት አንዱ ሲያልፍ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ይህም በየሳምንቱ ይደገማል።

ቆረጣውን ባለፉት መካከልም የገንዘቡ ክፍፍል እጅግ ያልተመጣጠነ ነው። በፒጂኤ ቱር በተለመደው አሠራር አሸናፊው ከጠቅላላ ሽልማቱ 18 በመቶ ሲወስድ፣ 65ኛ የወጣው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ፣ ከ0.3 በመቶ ያነሰ ድርሻ ይደርሰዋል። ከዚህም ላይ ካዲ ለሚባለው፣ ቦርሳ ተሸክሞ ርቀት የሚለካ፣ ነፋስ የሚያጠናና ዱላ በመምረጥ የሚያማክር ረዳት ሳምንታዊ ክፍያ አለ፤ ተጫዋቹ ሲያሸንፍም ከሽልማቱ 10 በመቶ ያህል ለካዲው መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ስለሆነም በጋዜጣ የሚጻፈው የሚሊዮን ዶላር ዜና የጥቂቶች እንጂ የሙያው አማካይ ገጽታ አይደለም፤ በታችኛው እርከን ያለው ተጫዋች ወጪውን ከሸፈነ ዓመቱን መልካም ይለዋል።

ወደ ከፍተኛው ዙር መግቢያው አንዱ በር ማጣሪያ ውድድር ነው። ይህ ማጣሪያ በአሜሪካ በ1965 ሲጀመር የመጫወት መብት የሚሰጠውን ካርድ ያገኙት 17 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ካርድ የዕድሜ ልክ ሹመት አይደለም፤ በዓመቱ በቂ ነጥብ ያልሰበሰበ ተጫዋች ይነጠቅና እንደገና ከታች ይጀምራል። የፊጂው ቪጃይ ሲንግ ሕይወት የዚህን መሰላል ርዝመት ያሳያል፤ በወጣትነቱ በማሌዥያ ቦርኔዮ በክለብ አስተማሪነት ሠርቶ፣ በአፍሪካ ውድድሮች ተዘዋውሮ፣ በ1988 የናይጄሪያ ኦፕንን አሸንፎ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ አልፎ በ1998 በጎልፍ ከሁሉ በላይ ከሚከበሩት ታላላቅ ዋንጫዎች የመጀመሪያውን ያነሣ ሲሆን፣ የዓለም አንደኛ የሆነው በ2004፣ በ41 ዓመቱ ነበር። ሯጭ ጫማውን በሚሰቅልበት ዕድሜ የጎልፍ ተጫዋች ጫፍ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑትም ለብቻቸው የተዘጋጀ የውድድር ዙር አለ።

በአፍሪካ የሙያው ጥንታዊ በር ካዲነት ነው። በደርባን ከድሃ የሕንድ ተወላጅ ቤተሰብ የተወለደው ሴውሰንከር «ፓፕዋ» ሴውጎሉም ማንም ሳያስተምረው ቦርሳ እየተሸከመ የተማረ፣ ዱላውንም የሁለት እጆቹን ቦታ አለዋውጦ የሚይዝ ተጫዋች ነበር። ቦርሳውን ይሸከምለት የነበረው ነጋዴ ግራሃም ዉልፍ ወደ አውሮፓ ይዞት ከሄደ በኋላ ሴውጎሉም በ1959 የሆላንድ ኦፕንን አሸነፈ፤ በ1960ና በ1964ም ደገመው። በ1963 በገዛ ከተማው የናታል ኦፕንን ሲያሸንፍ ግን የአፓርታይድ ሕግ ወደ ክለቡ ቤት እንዳይገባ ስለከለከለው፣ ነጮቹ ተወዳዳሪዎች ከጣሪያ በታች ሆነው እርሱ ዋንጫውን ከውጭ በዝናብ ተቀበለ። በኋላም መንግሥት ፓስፖርቱን ነጠቀው፤ በ1978 በድህነት አረፈ። በዚያው ሀገርና በዚያው ዘመን የማዕድን ሠራተኛ ልጅ የነበረው ነጩ ጋሪ ፕሌየር ዘጠኝ ታላላቅ ዋንጫዎችን ሰብስቦ የዓለም ዝነኛ ሆነ። ፕሌየር ታላቅ ተጫዋች ነው፤ ነገር ግን የአፍሪካ ጎልፍ ታሪክ ሲነገር የሴውጎሉም ስም ከእርሱ ስም ጋር እኩል መነሣት ይገባዋል።

የዚምባብዌው ሉዊስ ቺቴንግዋ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። አባቱ በካዲነት ጀምሮ በሐራሬ የክለብ ባለሙያ ለመሆን የበቃ ሰው ስለነበር ልጁ በሜዳው ጠርዝ ሳይሆን በሜዳው ውስጥ አደገ። በ1992 በፍሎሪዳ በተካሄደው የኦሬንጅ ቦውል የወጣቶች ውድድር ታይገር ዉድስን አስከትሎ አሸነፈ፤ በ1993 የደቡብ አፍሪካን የአማተሮች ሻምፒዮና፣ ማለትም የገንዘብ ሽልማት የማይቀበሉ ተጫዋቾች የሚወዳደሩበትን፣ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሙያውን ከጀመረ በኋላ በ2001 ለውድድር በሄደበት በካናዳ ኤድመንተን በማጅራት ገትር ሕመም በ26 ዓመቱ ሞተ። ሙሉ ፍሬውን ሳያይ የተቀጠፈ ቢሆንም፣ አንድ ትውልድ ካዲ የነበረበት ቤት በሚቀጥለው ትውልድ የዓለምን ምርጥ ወጣት የሚያሸንፍ ልጅ እንደሚያወጣ አስመስክሯል።

በኢትዮጵያ ይህ ሰንሰለት ሊጀመር ያልቻለው በአብዛኛው በሜዳ እጥረት ነው። በጎረቤት ኬንያ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች የተከሏቸው ክለቦች ቆይተው፣ ከ1967 ጀምሮ የሚካሄደው የኬንያ ኦፕን እንደ ሴቬ ባዬስቴሮስ ያሉ አሸናፊዎችን አስተናግዶ በ2019 የአውሮፓ ዙር አካል ሆኗል፤ ካዲዎችም በዚያው ባለሙያ ሆነዋል። በአዲስ አበባ ግን ጎልፍ የታወቀው በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ባለው ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳና በድሮ ኤርፖርት አካባቢ በነበረው ክለብ ዙሪያ ብቻ ነው። የሀገሪቱ መልክዐ ምድር ግን ለጨዋታው እንግዳ አይደለም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ርቃ ትበራለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በአሶሳ ከመቶ አምስት ያህል፣ በአዲስ አበባም ከዚህ የበለጠ ይጨምራል፤ ሁልጊዜ በዚህ አየር የሚለማመድ ተጫዋች ወደ ባሕር ዳርቻ ሜዳ ሲወርድ የዱላ ምርጫውን እንደገና መማር ይኖርበታል።

በቶንጎና በአካባቢው ዝናቡ ሲዘንብ ሣሩ ይለመልማል፣ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። ይህ ብቻውን እንቅፋት አይሆንም፤ በሰሜን ናይጄሪያ በበጋ ሣር በማይጸናባቸው ሜዳዎች የጉድጓዱ ዙሪያ ከዘይት ጋር በተደባለቀ አሸዋ ይሠራና ብራውን ተብሎ ይጠራል፣ ተጫዋቾችም በዚያው ያድጋሉ። በውድ ዋጋ ከሚታጨድና ውኃ ከሚጠጣ ሣር ይልቅ እንዲህ ያለው ሜዳ ለቆላማው የምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ የቀረበ ነው። እንዲህ ካለ ሜዳ ለሚነሣ ተጫዋችም የሚያልመው መድረክ አለ፤ ጎልፍ ከ112 ዓመት በኋላ በ2016 ወደ ኦሊምፒክ ሲመለስ ለወንዶችና ለሴቶች እያንዳንዳቸው 60 ቦታ ተሰጥቶታልና፣ በሴቶች በኩልም መንገዱ ክፍት ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ቡሃይ በ2022 በሚዩርፊልድ የሴቶችን ኦፕን አሸንፋለች።

ከሜዳው ሌላ የሚጎድለው መምህሩ ነው። በአርሲ በቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ቅንጡ መሣሪያ ኖሯቸው ሳይሆን በየማለዳው ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ በመገኘታቸው ነበር። ለጎልፍም የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ አንድ የክለብ ባለሙያ፣ አሸዋ የተደለደለበት ዘጠኝ ጉድጓድ፣ ጥቂት ያገለገሉ ዱላዎችና ከትምህርት ቤት በኋላ ቦርሳ እየተሸከሙ የሚማሩ ልጆች ናቸው።