ብርሃንን የሚያጎሉ የወርቅ ቅንጣቶች

የበሽታ ጠቋሚ የሚባሉት በደም ወይም በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ በመገኘታቸው ወይም መጠናቸው በመለወጡ ሕመምን የሚያመለክቱ ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻውን የሚሰጠው ምስክርነት ግን ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ የሚለካው ፒኤስኤ የተባለው ፕሮቲን፣ እጢው ያለ ካንሰር ሲያብጥም ይጨምራል። ብዙ ጠቋሚዎችን ከአንድ ናሙና በአንድ ጊዜ ለማንበብ ከተፈለሰፉት መንገዶች አንዱ በናኖ ቅንጣቶች የጎላ የራማን ብተና ነው።

ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳስታወቀው፣ በሞለኪውል ላይ ያረፈ ብርሃን አብዛኛው ቀለሙን ሳይለውጥ ሲበተን፣ እጅግ ጥቂቱ ከሞለኪውሉ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ በሌላ የሞገድ ርዝመት ይወጣል፤ ለውጡም እንደየሞለኪውሉ ስለሚለያይ እንደ ጣት አሻራ ማንነቱን ይገልጣል። ችግሩ ከ10 ሚሊዮን የብርሃን ቅንጣቶች አንድ ያህሉ ብቻ በዚህ መንገድ መበተኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሻካራ የብር ገጽ ላይ ከተጣበቀ ፒሪዲን ከተባለ ውህድ ያልተጠበቀ ብርቱ ምልክት አገኙ። ምክንያቱ በብርና በወርቅ ውስጥ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው እየተወዛወዙ ኃይሉን በገጹ ዙሪያ፣ በተለይም በሁለት ቅንጣቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት፣ ማከማቸታቸው ነው።

ለምርመራ የሚዘጋጀው የወርቅ ቅንጣት ምልክት ሰጪ ቀለም ይለጠፍበትና ብዙውን ጊዜ መስታወት በመሰለ ሲሊካ ተሸፍኖ፣ የሚፈለገውን ጠቋሚ ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይተከልበታል። የተለመዱት አብሪ ቀለሞች የሚያወጡት ብርሃን ሰፊ ስለሆነ እርስ በርሱ ሲደራረብ፣ የራማን መስመሮች ግን ቀጫጭን በመሆናቸው፣ ለእያንዳንዱ ጠቋሚ የተመደበው ቀለም በአንድ ሌዘር ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቢበራም ተለይቶ ይነበባል፤ የዘዴው ትልቁ ብልጫም ይኸው ነው። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በዚህ መንገድ 6 የተለያዩ የዲኤንኤ ዓይነቶችን ለይተዋል።

በአንድ ጠቋሚ ብቻ ያለመመካት ጉዳይ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፤ ኤችአርፒ 2 የተባለውን ፕሮቲን የማያመርቱ የወባ ተሕዋስያን በአገሪቱ በመገኘታቸው፣ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የቆመ ፈጣን መመርመሪያ የታመመውን ሰው ነጻ ብሎ ሊያሰናብት ይችላል።

ይሁን እንጂ የምልክቱ ብርታት በቅንጣቶቹ ቅርጽና በመካከላቸው ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ስለሚወሰን፣ በአንድ ዙር የተመረተው ከሌላው ዙር ጋር ካልተስተካከለ ልኬቱ ይዛባል፤ በደም ውስጥ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖችም በቅንጣቱ ላይ እየተለጠፉ ውጤቱን ያሳስታሉ። ዘዴው የሐኪም የዕለት መሣሪያ የሚሆነው በተለያየ ዙር የተመረቱ ቅንጣቶች በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተመሳሳይ ቁጥር መስጠት ሲችሉ ነውና፣ የተመራማሪዎች ትኩረት ከሁሉ አስቀድሞ ወደዚህ ሊዞር ይገባል።