ነፃነት በዕጣ

ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ውስጥ፣ ኤች-ቢ ዉድላውን የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎቹ 700 ገደማ ናቸው። መምህራኑን ያለ ማዕረግ በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ «ቲቸር» እያለ ላደገ አበሻ ወላጅ ይህ ብቻውን ይከብዳል። በአካባቢው ደግሞ አበሻ ወላጅ ሞልቷል።

ክርክሩ ግን በአጠራር ላይ አይደለም። ልጆች ውሏቸውን ራሳቸው የሚመሩበት ትምህርት ቤት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ሲቆም፣ የሚጠቀመው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ከ50 ዓመት በላይ ሳይቋጭ ኖሯል።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1971 (እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ነው። ወቅቱ የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ የጋለበት፣ ወጣቱም በደወል መነዳት የሰለቸበት ነበር። ፊላደልፊያ በ1969፣ ሲያትል በ1970 ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ከፍተዋል። አርሊንግተን ሁለት ጀመረች፤ ሆፍማን-ቦስተንን ለታችኞቹ፣ ዉድላውንን ለላይኞቹ ክፍሎች። ሁለቱ በ1978 ተዋሐዱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሬይ አንደርሰን እስከ 2004 ርእሰ መምህር ሆነው ቆይተዋል።

የትምህርት ቤቱ ልብ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ስለ ደንብም ሆነ ስለ በጀት ድምፅ ሲሰጥ የ6ኛ ክፍል ልጅ አንድ ድምፅ አለው፤ ርእሰ መምህሩም አንድ። ነፃነቱ ግን በአንዴ አይለቀቅም። ከትንንሾቹ ላይ ዓይን አይነሣም፤ ከፍ ሲሉ ነፃ ክፍለ ጊዜ ያገኛሉ፣ ከግቢ መውጣትም ይችላሉ። የቨርጂኒያ መንግሥት ፈተና ሲመጣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ይቀመጣሉ። «እንደ ፈለጉ ይሆናሉ» የሚለው ሐሜት እዚህ ላይ ይከሽፋል።

ጠንካራው ነቀፌታ ሌላ ነው፦ ቤተሰቡ የሚደግፈው ልጅ የትም ቢገባ ይሳካለታል፤ ታዲያ ውጤቱ የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ የቤቱ? «የሚጠቀመው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የትምህርት ቤቱ ስምም ሕንፃውም አዲስ አይደሉም። «ኤች-ቢ» የሚለው ስም የመጣበት ሆፍማን-ቦስተን በመድልዎ ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ተለይተው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ውሕዱ ትምህርት ቤት እስከ 2019 የቆየበት የስትራትፎርድ ሕንፃ ደግሞ አራት ጥቁር ተማሪዎች ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 ገብተው የቨርጂኒያን የዘር አጥር የሰበሩበት ነው።

ዛሬ መግቢያው ዕጣ ነው፤ ቀድሞ ወላጆች ወረፋ ይዘው ያድሩ ነበር። ወላጅ የሚያማርረው ይኸው ዕጣ፣ እንደ እኔ፣ ለክርክሩ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስችላልና። ሆኖም የሚያነጻጽረው ያመለከቱትን ብቻ ነው። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ስለ ትምህርት ቤቱ የምትሰማው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ልጇ በየትኛውም ወገን አይቆጠርም። የአርሊንግተን ትምህርት አስተዳደር መረጃ በአማርኛም ያወጣል፤ ወረቀቱ ደርሷት አንብባ እስክታመለክት ያለው መንገድ ግን ገና ረጅም ነው።