ስልክ፣ መሪና የጉዳት ካሳ፦ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕጎች ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ መንገዶች ላይ ከአሽከርካሪ ትኩረት ማጣት ጋር በተያያዙ አደጋዎች 3,275 ሰዎች ሞተዋል። ስልክን የሚመለከተውን ሕግ የሚያወጡት ግን በዋናነት ግዛቶቹ ናቸው። ኒው ዮርክ በ2001 እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራትን በመከልከል ቀዳሚ ሆነች፤ ዋሽንግተን ግዛት በ2007 የጽሑፍ መልእክትን ከለከለች። ይህ ዳሰሳ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት፣ በታክሲና በኡበር ሥራም በሚተዳደሩበት በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላይ ያተኩራል።

ክልከላው በሦስቱም ቦታ ይቀራረባል። ዲሲ ሕጓን ያወጣችው በ2004 ሲሆን የመጀመሪያው ጥሰት ቅጣት 100 ዶላር ነው። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ፖሊስ በስልክ ምክንያት ብቻ መኪና ማስቆም ይችላል፤ መልእክት መጻፍ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ቆመውም ቢሆን ክልክል ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ስልክ በእጅ መያዝን በጥቅሉ ከልክላለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 125፣ ሲደገም 250 ዶላር ትቀጣለች።

ቲኬቱ ተከፍሎ ያልቃል። ሰው ከተጎዳ ግን ያው ጥሰት ወደ ካሳ ክርክሩ ይሻገራል። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የደህንነት ሕግን መጣስ ራሱን እንደ ቸልተኝነት ይቆጥሩታል፤ ሜሪላንድ ግን ከቸልተኝነት ማስረጃዎች እንደ አንዱ ብቻ ታየዋለች። በሁለቱም ዘንድ ተጎጂው ጉዳቱ የደረሰበት በዚያ ጥሰት ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት። ስልክ መያዙ ብቻውን ካሳ አያስከፍልም። ቨርጂኒያ ውስጥ አሽከርካሪው በትራፊክ ችሎት ጥፋቱን ካመነ፣ ያ የእምነት ቃል በኋላ በካሳ ክሱ ላይ በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል።

ማስረጃው የሚገኘው ከደቂቃዎች ስሌት ነው። ጠበቆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ የስልክ ኩባንያውን መዝገብ ያስመጡና መልእክቱ የተላከበትን ሰዓት ለ911 ከተደወለበት ሰዓት ጋር ያስተያያሉ። የመኪናው የመረጃ መቅጃ ፍሬን የተያዘበትን ቅጽበት ይናገራል። ፖሊስ በበኩሉ የያዘውን ሰው ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ በመርህ ደረጃ መበርበር እንደማይችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል።

ተጠያቂነቱ ከአሽከርካሪው አልፎ ይሄዳል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ አደጋ ካደረሰ አሠሪው ሊጠየቅ ይችላል። በ2013 የኒው ጀርሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ከዚህም ርቆ ሄዶ፣ ተቀባዩ እያሽከረከረ መሆኑንና መልእክቱን እንደሚያይ እያወቀ የላከ ሰው ሊጠየቅ የሚችልበትን በር ከፍቷል።

የዚህን አካባቢ ሕግ ከአብዛኛው አሜሪካ የሚለየው ተጎጂው ራሱ ጥፋት ሲኖርበት የሚሆነው ነው። ቨርጂኒያ ባለው የኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ አንዱ ስልኩን እያየ ወደ ግራ ታጠፈ እንበል። አረንጓዴ በርቶለት ቀጥ ብሎ የሚመጣው ሌላው አሽከርካሪም ዓይኑን ለአፍታ ወደ ስልኩ ጣል አድርጎ ነበር፤ ተጋጩ። የጉዳቱ ግምት 100,000 ዶላር ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ 90 በመቶ የታጣፊው፣ 10 በመቶ የተጎጂው። ካሊፎርኒያ ቢሆን ተጎጂው 90,000 ዶላር ይወስዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ያቺ 10 በመቶ ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረገች፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሜሪላንድም እንዲሁ ናት፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ በ2013 ደንቡን እንዲለውጥ ተጠይቆ አልቀበልም ብሏል። ዲሲ በ2016 ባወጣችው ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች አላላችው፤ ለመኪና አሽከርካሪዎች ግን አይደለም።

የአገር ቤትን ሕግ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የአንደኛው ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር ጉዳቱን ይካፈሉታል። “ግማሽ በግማሽ እንካፈል” የሚለው አስተሳሰብ ለቨርጂኒያ ኢንሹራንስ መርማሪ ከተነገረ የራስን ጥፋት እንደማመን ነው።

ለኡበር ሾፌሮች ነገሩ ይከብዳል፤ ሥራው ራሱ በስልክ ነውና። ስልክን በመያዣ ሰቅሎ ካርታ መከተል በቨርጂኒያ ሕግ አያስቀጣም። ሆኖም ትእዛዝ ለመቀበል ስክሪኑን ሲነካ የተጋጨ ሰው፣ ቲኬት ባይቆረጥበትም፣ “መንገዱን አላየህም” ተብሎ በቸልተኝነት ሊከሰስ ወይም የራሱን ካሳ ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ የስልክ ሕጉ ለተጎጂው የሚያገለግለው የእሱ እጅ ንጹሕ ከሆነ ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ጥፋትን የሚመለከት ቃል ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ ከመስጠቱ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ የስልክና የካሜራ መረጃ ሳይጠፋ እንዲጠበቅም ቶሎ ያስጠይቅ። ለአካል ጉዳት ክስ ቨርጂኒያ የምትሰጠው ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ነው።