የእንግዳ እንግሊዝኛ የሰው ወርቅ እንዳይሆን

በአዊ ዞን ያለችው ዳንግላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎረቤት ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ከዳንግላ እየተነሡ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ ዞሩ፤ ካርታ አነሡ፤ ያዩትንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተሙ። እንግሊዝኛው ግን አብሯቸው መጥቶ አብሯቸው ሄደ። አስተማሪ አልነበሩምና በዚህ አይወቀሱም። ታሪኩ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ ቋንቋው የሚናገር ሰው ከተማ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ቋንቋው ከተማው ውስጥ አይቀመጥም። ዛሬ ከውጭ አገር በነፃ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሲገኝ ትምህርት ቤቶች ቶሎ ብለው ክፍል ይሰጡታል፤ ወላጅም ደስ ይለዋል። ደስታው ተገቢ ነው፤ ድልድሉ ግን የተሳሳተ ነው። የእንግዳው ትክክለኛ ቦታ ከአገሬው የእንግሊዝኛ መምህር ጎን እንጂ በእሱ ፋንታ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አይደለም።

ጉዳዩ ለአዊ ልጅ ለምን እንደሚከብድ እንይ። በገጠር ያደገ ልጅ በቤቱ አዊኛ ይናገራል። አዊኛ ከኩሽ ቤተሰብ የሆነ የአገው ቋንቋ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በዞኑም የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል። ልጁ እንጅባራ ገበያ ሲወጣ ወይም ቢሮ ጉዳይ ሲገጥመው አማርኛ ይጠብቀዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ እንግሊዝኛው ካልገባው የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም አብረው ይዘጉበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉን በቋንቋ ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን ጥያቄውን ማንበብ ያቃተው ተማሪ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ዕውቀቱ ከእሱ ጋር ይቀራል።

በኢትዮጵያ የፈቃደኛ እንግሊዝኛ መምህር ታሪክ በአብዛኛው የአሜሪካው ሰላም ጓድ ታሪክ ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 በላይ ወጣቶች በአንድ ጊዜ መጡና በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ ወሊሶ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስ፣ ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኑ። ያኔ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እጥረት ስለነበረባት እንግዳውን በቀጥታ ክፍል ማስገባቱ ያስኬድ ነበር። ይሁን እንጂ ሌላ መንገድ እንዳለ ወዲያው ታየ፦ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው የሚያገለግሉበት ሥርዓት ተዘረጋ፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ እነዚያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰላም ጓድ ይውጣልን ሲሉ ቁጣቸው ፖለቲካዊ ነበር። ከቁጣው ሥር ያለው ጥያቄ ግን ዛሬም አልሞተም፤ የራሳችን ሰው መቼ ነው የሚቆመው?

የታሪኩ ሁለተኛ ትምህርት ስለ መሄድ ነው። ሰላም ጓድ በደርግ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመለሰ፤ የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ እንደገና ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ምክንያት ከመላው ዓለም ፈቃደኞቹን በጠራ ጊዜ ከኢትዮጵያም ወጡ። ሦስቱም ጊዜ ምክንያቱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ነበር፤ የትኛውም ርእሰ መምህር ሊያስቀረው አይችልም። ሁሉም ሰላም ቢሆን እንኳ የአንድ ፈቃደኛ ቆይታ ሥልጠናውን ጨምሮ 27 ወር ነው። እንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አጠገብ የሚኖር የ30 ዓመት የእንግሊዝኛ መምህር ግን ጡረታ እስኪወጣ ገና 30 መስከረም ይጠብቀዋል። እንግዳው ተማሪን ቢያስተምር የሁለት ዓመት ተማሪ ያገኛል፤ መምህሩን ቢያግዝ የ30 ዓመት ተማሪ ያገኛል። ከዚህ በላይ ስሌት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የሚነሣው መከራከሪያ «ልጆቹ እውነተኛውን አነጋገር ይስሙ እንጂ» የሚል ነው። እውነት አለው፤ ግን ሞክረነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለው ፕላዝማ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በጥሩ እንግሊዝኛ በየክፍሉ አፈሰሰ። ቴሌቪዥኑ ግን «ገብቷችኋል?» ብሎ መልስ አይጠብቅም፤ መምህሩም መቁረጥ አይችልም፤ ተማሪው ሰምቶ ሳይሰማ ይወጣ ነበር። በተቃራኒው በንጉሡም በደርግም ዘመን ብዙ ትውልድ እንግሊዝኛ የተማረው ከህንድ መምህራን ነው፤ እነሱም ቋንቋውን በትምህርት ያገኙት ነበሩ። የሃንጋሪው ምሁር ፔተር ሜድዬሽ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በግልጽ ተከራክረዋል፦ ቋንቋውን ራሱ ተምሮ ያወቀ መምህር ተማሪው የት እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያውቃል። አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአማርኛ «መጣ» ብለን ዓረፍተ ነገሩን እንጨርሳለን፤ ማን እንደመጣ ግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን «ሂ ኬም» ብሎ «እሱ»ን በግድ ያስቀድማል። ተማሪው «ሂ»ን ሲጥለው እንግዳው ስሕተቱን ያያል፤ አገሬው መምህር ምክንያቱን ያያል። «ልጁ ዳቦ በላ» በሚለው ውስጥ ያለው ግሥ በአማርኛም በአዊኛም መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ በእንግሊዝኛ ለምን ወደ መሐል እንደሚዘል ማስረዳትም የእሱ ነው።

ታዲያ እንግዳው ምን ይዞ ይመጣል? ጆሮና ድምፅ፣ ጊዜም። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ የማዳመጥ ክፍል አለ፤ ምንባቡ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ነው፤ መምህሩ ራሱ ያነበዋል፤ አለዚያ ይዘለዋል። እንግዳው የአንድ ክፍል ደረጃ የማዳመጫ ምንባቦችን በሙሉ ቀስ አድርጎ በስልኩ ቢቀዳና በፍላሽ ቢያስቀምጥ፣ መምህሩ ባሻው ቦታ እያቆመ እየደገመ ያሰማል። ይህ ፕላዝማ ያልሰጠው ነው፤ መቁረጫው በመምህሩ እጅ ነው። ከሰዓት በኋላ በመምህራን ክፍል ለአንድ ሰዓት እንግሊዝኛ ብቻ ማውራት፣ የነገውን ትምህርት አብሮ ማዘጋጀት፣ ፈተና አብሮ ማውጣትም አለ። ጃፓን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ጄት» በተባለው መርሐ ግብሯ ከውጭ የምታመጣቸውን ወጣቶች የምትመድባቸው በረዳትነት፣ ከጃፓናዊ መምህር ጋር ነው፤ ደመወዝ እየከፈለች እንኳ ክፍሉን አላስረከበችም። ሌላም መመዘኛ ልጨምር፦ ቋንቋችንን ለመማር የተቀመጠ እንግዳ ይሻላል። የአማርኛን «ቀ»ንና «ጠ»ን ለማውጣት ሲታገል የገበያው ሕፃን የሳቀበት ሰው፣ ተማሪ ለምን አፉን ለመክፈት እንደሚያፍር የሚያስረዳው አያስፈልገውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከመምህራኑ በኩል ይመጣል። የነፃ ጉልበት ሲገኝ መንግሥት ቅጥር ይረሳል፤ ደመወዙ ያልበቃው መምህር አጠገብም ብዙ የሚወደስ እንግዳ ሲቆም ክብሩ ይነካል ይላሉ። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ መቀበልና ደንብ ማውጣት ነው። እንግዳ የክፍት መደብ መሙያ መሆን የለበትም። በሚሠራው ሁሉ ላይ የአገሬው መምህር ስም ከላይ ይጻፍ፤ የትምህርት ዕቅዱም የእሱ ይሁን። እንግዳው መምህሩን ከሥራው የሚያወጣ ሳይሆን በሥራው የሚያጠነክር ሆኖ ከታየ ክብር አይቀንስም። ሌሎች ደግሞ እንግሊዝኛ አዊኛን ይውጠዋል ብለው ይሰጋሉ። ሥጋቱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛን ቦታ የወሰነው ፖሊሲው እንጂ እንግዳው አይደለም። ቋንቋን የሚገድለው ሌላ ቋንቋ ማወቅ ሳይሆን በራስ ቋንቋ ማፈር ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ «እንዴት አደራችሁ»ን በአዊኛ ለማለት የሚደክም ሰው ለልጆቹ የሚነግራቸው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነው ስለ ፈረንጅ መምህር መነጋገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጊዜው አሁን ነው እላለሁ፤ እንግዳ በሌለበት ጊዜ የሚወጣ ደንብ ይሉኝታ የለበትም። በር ላይ ከቆመ በኋላማ ማን «ክፍል አንሰጥህም» ይለዋል? የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት እንግዳን አትቀበሉ አይልም፤ የተዋስነውን የራሳችን አድርገን አንቁጠር ነው የሚለው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ፈቃደኛ ሲጠይቅ በማመልከቻው ላይ ከየትኛው መምህር ጋር እንደሚሠራ ስም ጠቅሶ ይጻፍ። እንግዳው ድንገት ቢጠራ፣ ያ መምህር በማግስቱ ጠዋት ከመምህራን ክፍል ቁም ሣጥን ፍላሹን አውጥቶ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ ትምህርቱም ካቆመበት ይቀጥላል።