ሁለት መነጽር፣ አንድ ካርቶን

አረካ ውስጥ ከቤት ጓሮ የቆመ እንሰት በስልክ ሲነሳ ውበቱ ይጠፋል። ሰፋፊው ቅጠል ተደራርቦ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ፣ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ እንደቆመ አይለይም። ጓሮው ውስጥ ገብቶ ለሚያየው ግን ይለያል። ሁለቱ ዓይኖቻችን ወደ 6.3 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠሉን በትንሹ ከተለየ ጎን ስለሚያየው አንጎል ከልዩነቱ ርቀትን ያነባል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ይህንን በሁለት ሥዕልና በሁለት መስታወት አሳይቷል፤ ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ ይፋ አልሆነም ነበር።

ይህንኑ ጥልቀት በሁለት ፎቶና ቤት ውስጥ በሚሠራ ማያ ማየት ይቻላል። ጥልቀቱ የሚመጣው ግን ከማያው ሳይሆን ከአነሳሱ ነው። አንድ ፎቶ ያንሱ፣ ስልኩን ሳያዘነብሉ በአግድም ወደ ቀኝ ያንሸራቱና ሁለተኛውን ያንሱ። ስንት ይንሸራተት? እስከ ቅርቡ ነገር ድረስ ያለውን ርቀት ለ30 ያካፍሉ። ቅጠሉ 2 ሜትር ላይ ከሆነ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም ይበቃል። ዳሞታ ተራራን ከ3 ኪሎ ሜትር ለማንሳት ግን 100 ሜትር መሄድ ሊኖርብዎ ነው፤ እስኪደርሱ ደመናው ቦታ ይቀይራል። የአገራችን 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ አውሮፕላኑ እየበረረ፣ አንዱ ፎቶ ሌላውን 60 በመቶ ያህል እየደረበ ይነሳ ነበር። የእንሰት ጠላቱ ነፋስ ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቅጠሉ ከተወዛወዘ ምስሉ ይፈርሳልና ማለዳ ሳይነፍስ ያንሱ።

ፎቶ ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸውን 6 ሴንቲ ሜትር አድርጎ በአንድ ወረቀት ያትምልዎ። ግራው በግራ መሆኑን አደራ፤ ከተገላበጠ ከፊት ያለው ቅጠል ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይመስላል።

ለማያው ሌንስ መቁረጥ አያስፈልግም። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የንባብ መነጽር፣ +4 የተጻፈበትን፣ ሁለት ይግዙና አንዱን በአንዱ ላይ ይደርቡ። ድምሩ +8 ነው፤ 100ን ለ8 ሲያካፍሉ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያገኛሉ። መነጽሩ ከፎቶው የሚርቀው በዚህ ልክ ነው። ፍሬሙም ሌንሶቹን በዓይን ልክ አራርቆ ስለያዘልዎ መለካት ይቀርልዎታል። የጫማ ካርቶን በዚሁ ርዝመት ይቁረጡ፤ በአንዱ ጫፍ መነጽሩን፣ በሌላው ፎቶውን ያስሩ፤ ብርሃን እንዲገባ ላዩን ይክፈቱት። መሃል ላይ ከአፍንጫ እስከ ፎቶው የሚደርስ የካርቶን ግድግዳ ካልቆመ አንዱ ዓይን የሌላውን ፎቶ ይሰርቃል።

ራስ ምታት ካስያዘዎ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሌንሱ አይደለም፤ አንዱ ፎቶ ከሌላው ከፍ ብሎ ተለጥፏል። በማስመሪያ ያስተካክሉት።

በዚሁ መንገድ የተነሱ ሁለት የድሮ ስላይዶች ካሉዎት የእያንዳንዱ ክፈፍ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሁለቱ መካከል 1.3 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ከኋላው ነጭ ወረቀት ለጥፈው ወደ መስኮት ያዙሩት። በዚህ መነጽር አነስ ብሎ ነው የሚታየው፤ ለስላይድ ከ+12 የማያንስ ማጉያ ቢገኝ ይመረጣል።